ጥርሴ የተነቀለ ዕለት

ትናንት ማንኪያ ከእጄ አምልጦ የብረት ሳህን ውስጥ ቃጭ ሲል፣ ምላሴ ሳላዘው ወደ ግራ መንጋጋዬ ሄደ። እዚያ ጥርስ የለም። ከልጅነቴ ጀምሮ ባዶ ነው፤ ምላሴ ግን ዛሬም ይጎበኘዋል። አትዘኚልኝ ልጄ፣ የማወራልሽ የደስታ ነገር ነው። እግዚአብሔር ይመስገን።

በንጉሡ ጊዜ ነው። የምንኖረው ድሬዳዋ፣ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ መጋላ ሰፈር ነበር። እናቴ ባሏ ሞቶባት ልብስ እያጠበች ታሳድገኛለች። ጥርሴን ሲያመኝ ቅርንፉድ አስነከሰችኝ፣ ነጭ ሽንኩርት ወተፈችበት፣ ጸበል አጠጣችኝ። እብጠቱ ግን ዓይኔ ሥር ደረሰ። ገበያ ውስጥ በጉጠት የሚነቅል ሰውዬ ነበር፤ አንዲት የሰፈራችን ልጅ እሱ ዘንድ ሄዳ አገጯ ተጣሞ ቀርቷል። ከወንዙ ወዲያ፣ ከዚራ ሰፈር ያለው የግል ሐኪም የሚጠይቀውን እናቴ ወር ሙሉ አጥባም አታገኘውም። የባቡር ሠራተኞች ክሊኒክ በነጻ ያክማል፤ ግን ሠራተኛውንና ቤተሰቡን ብቻ።

ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን ሙስሊም ነበረች፤ ባሏ ባቡር ላይ ይሠራል። አንድ ጠዋት ጉንጬን አይታ ጮኸች።

«አቦ! ይቺ ልጅ እስክትሞት ነው የምትጠብቂው? ነይ አንቺ፣ ዛሬ የኔ ልጅ ነሽ።»

«ውሸት ነው» አለች እናቴ።

«ውሸቱ የኔ ይሁን፣ ጥርሱ የሷ ነው። አንቺ ወላሂ አፍሽን ብቻ ዝጊ!»

የትልቋን ልጇን አበባማ ቀሚስ አለበሰችኝ። ማተቤን እንዳታወልቅብኝ ፈርቼ አንገቴን ስይዝ፣ «እሱንማ አልነካም» ብላ በሻሽ ሸፈነችው።

ውሃ የሌለውን የደቻቱን አሸዋ ተሻገርን። ከዚራ ስንገባ ዛፎቹ ከመንገዱ በላይ ተቃቅፈዋል፤ ከጥላው ሥር አየሩ ራሱ ሌላ ነው። ከጣቢያው በኩል ባቡሩ ሲያፏጭ ሕመሜን ረሳሁት። እንደ ዓውደ ዓመት ለብሼ፣ የሌላ ሰው ልጅ ሆኜ ከዚራ ስሄድ! ልቤ ከጥርሴ በላይ ይመታ ነበር። እናቴ ከኋላ ከኋላ ትከተላለች፤ ውጭ ዛፍ ሥር ልትቀር ተስማምተዋል።

ክሊኒኩ በር ላይ ጎረቤታችን የባሏን መታወቂያ አሳየችና ገባን። ክፍሉ አልኮል አልኮል ይሸታል። የሐኪሙ ረዳት፣ ድሬሰሩ፣ የወንበሩን ፔዳል ሲረግጥ፣ እኔ ከነወንበሩ ከፍ፣ ከፍ አልኩ። ሳቄ መጣ። ፈረንጁ ሐኪም ድዴን መርፌ ወጋኝና ትንሽ ቆይቶ መንቀል ጀመረ። አላመመኝም፤ ግን አጥንቴ ውስጥ ሲንቋቋ ስሰማ ጩኸቴን ለቀቅኩት።

በሩ ብርግድ ብሎ ተከፈተ። እናቴ ናት። ነጠላዋ መሬት ይጎተታል፣ ግንባሯ ላይ የተነቀሰችው መስቀል በላብ ያበራል።

«ልጄን! ልጄን ምን አደረጋችኋት?»

ሐኪሙ እጁን አነሣ። ጥርሴ ግማሹ ወጥቶ ግማሹ ቀርቷል። ድሬሰሩ ጎረቤታችንን አየ፣ እናቴን አየ።

«ይቺ ልጅ ስንት እናት ነው ያላት?»

«ሁለት!» አለች ጎረቤታችን ሳትደነግጥ። «ጣውንቴ ናት።»

ድሬሰሩ ዓይኑን ከእናቴ ግንባር ላይ አላነሣም። «ከነመስቀሏ? እማማ፣ እውነት ነው?»

እናቴ ዋሽታ አታውቅም። «አይደለም» ካለች ከነግማሽ ጥርሴ ወደ ቤት መመለሴ ነው። ነጠላዋን ቀስ ብላ ከመሬት ሰበሰበች።

«አብረን ነው የምናሳድጋት» አለች።

እውነቷን ነበር። እሷ ሰው ቤት ስታጥብ ስትውል ምሳዬን የምበላው ከማን መሶብ ነበርና?

ድሬሰሩ ከንፈሩን ነክሶ ለሐኪሙ በፈረንሳይኛ ነገረው። ሐኪሙ ሁለቱን ሴቶች አየ፤ ትከሻው በሳቅ ተንቀጠቀጠ።

«እጇን ያዙላት ብሏል» አለ ድሬሰሩ። «አንዳንድ ይደርሳችኋል፣ እንዳትጣሉ።»

ያዙኝ። አንዱ እጅ በሳሙና የሻከረ፣ አንዱ ሒና የተቀባ። ጥርሱ ሳህኑ ውስጥ ቃጭ አለ።

ስንመለስ አፌ ጥጥ ሞልቶ እስቃለሁ።

«ባሌን ተጋራሽኝ አይደል?» ትላለች ጎረቤታችን። «ከዛሬ ጀምሮ ካልሲውን የምታጥቢው አንቺ ነሽ!»

«ኧረ ተይ፣ አታስቂኝ፣ ጾም ነው» ትላለች እናቴ፣ እየሳቀች።

ቤት ስንደርስ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች፤ ድሬዳዋ በሯን ዘግታ የምትተኛበት ሰዓት። ጎረቤታችን ቤት ሰሌን ላይ መካከላቸው አጋደሙኝ። ከራሴ በላይ ያንሾካሹካሉ። ቃል የምትቆጥበው እናቴ ታወራለች፣ ትስቃለች፣ ደግሞ ታወራለች። ልሰማቸው ታገልኩ። ግን ሕመም የሌለው እንቅልፍ ከስንት ቀን በኋላ መጣና ወሰደኝ።

አሁን አንዷ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ አንዷ በሙስሊሞች መቃብር ተኝተዋል። ያን ቀን ምን እየተባባሉ እንደሳቁ የምጠይቀው ሰው የለኝም።