አባቴ በነጥብ የሠራው ፊደል

ኮምፒዩተሩን የፈታሁት ተናድጄ ነው፤ የገጠምኩትም ተናድጄ ነው። ላሊበላ ውስጥ ስልክ፣ ቴሌቪዥንና ዲኮደር እየጠገንኩ ስኖር ብዙ ዕቃ አበሳጭቶኛል፤ እንደዚህኛው አንጀቴን ያሳረረው ግን የለም። የአባቴ ዕቃ ነዋ!

አባቴ የሒሳብ መምህር ነበር። አብሮት ያስተምር የነበረ አንድ የውጭ አገር ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ ይህን ኮምፒዩተር ትቶለት ሄደ። እንደ ዛሬዎቹ አይደለም፤ ሁለመናው ከቁልፎቹ ሥር የተቀበረ፣ ከቴሌቪዥን ጋር የሚያያዝ፣ የጻፉበትን ደግሞ በተራ የቴፕ ካሴት ላይ የሚያስቀምጥ ነው። አማርኛ የሚባል ነገር አያውቅም። አባቴ የትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ውስጥ እየተቀመጠ ፊደላችንን ከሀ እስከ ፐ አንድ በአንድ በነጥብ ሠራለት። ሠራሁት ብሎ ሲናገር መምህራኑ ሳቁበት። ብዙም ሳይቆይ ታመመና ኮምፒዩተሩን በካርቶን አሽጎ ቤት አስመጣው፤ አንድም ቀን ከፍቶ ሳያሳየን ሞተ። ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር።

ካርቶኑ ከላሊበላ ወጣ ብላ ብልባላ ያገባችው ታላቅ እህቴ ቤት ኖረ። ክረምት ላይ ልጠይቃት ሄጄ ሳየው ገብስ የሞላ ቁና ተቀምጦበታል። ደሜ ፈላ።

"የአባባን ሥራ የቁና ማስቀመጫ አደረግሽው?" አልኳት።

"ተወው በማርያም፣ ወንድም ዓለም። አባባ እኮ መጨረሻ ላይ አእምሮው ደክሞ ነበር። ያንን ፊደል ማን አየው?"

እኔኑ የሰደበችኝ ያህል ነው የተሰማኝ። አባቴ እንዳላበደ የምትመሰክር ካርቶኑ ውስጥ አንዲት ካሴት ብቻ ነበረች፤ ላይዋ ላይ በእጅ ጽሕፈቱ "ሀ – ፐ" ተጽፏል። "አሳይሻለሁ!" ብዬ ካርቶኑን ተሸክሜ ወጣሁ። እህቴ እደጁ ድረስ እየተከተለች ይቅርብህ ስትለኝ ዘወር ብዬም አላየኋት።

ሱቄ ገብቼ ስከፍተው ሌላ ንዴት ጠበቀኝ። የእህቴ ባል ከዓመታት በፊት ሊሸጠው ፈልጎ ለአንድ ጠጋኝ ነኝ ባይ ሰጥቶት ኖሯል። ሰውየው የተቃጠለውን ፊውዝ በሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ጠቅልሎ መልሶታል። አያያዙን አይተህ ጭብጦውን ቀማው ይባላል፤ ያኔ ከእጁ የሚነጥቀው ሰው ጠፋ! ፊውዝ የሚቃጠለው ሌላው እንዳይቃጠል ነው። እሱ ለኃይሉ መንገዱን ከፈተለትና መብራት ሄዳ ስትመለስ ኤሌክትሪኩን የሚቀበለውን ፓወር ሰፕላይ እንዳለ አጠቆረችው። በሕይወት ይኑር አይኑር ለማላውቀው ሰው ስድብ ሳወርድ ዋልኩ።

ካፓሲተር የሚባሉት ጥቃቅን ክፍሎቹ አብጠው ነበር፤ ከሞተ ዲኮደር ላይ ነቅዬ ሌላ በየድኩ። አበራሁት፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ምንም የለም። የቁልፎቹን ሽቦ አይጥ በልታዋለች፤ በቀጭን ሽቦ አንድ በአንድ ቀጠልኩት። አሁንም ምንም። አንድ ቀን መበየጃውን ወርውሬ ግድግዳውን በቡጢ መታሁት፤ የተጎዳው እጄ ነው እንጂ ግድግዳው ምን ይሆናል። በወሩ ሲነሣ ስክሪኑ ላይ አንዲት ነጭ ካሬ ብልጭ ድርግም አለች። ካሴቱን የማጫውትበትን የሱቄን ቴፕ ማንበቢያ ጭንቅላት በአረቄ ወለወልኩና ቅዳሜን ጠበቅኩ።

ቅዳሜ እህቴ ለገበያ መጣች። ጎትቼ አምጥቼ ሱቄ ውስጥ አስቀመጥኳት። "አባባ አብዶ እንደሆነ አሁን ታያለሽ" አልኳት። ቴፑን በገመድ ከኮምፒዩተሩ ጋር አያይዤ ካሴቱን እንዲያነብ አዘዝኩት። ካሴቱ ዞረ፣ ዞረ። ስክሪኑ ባዶ። ደግሜ ሞከርኩ፤ ባዶ። በንዴት ገመዱን ከቴፑ ላይ ነቀልኩት፤ ያኔ ድምፁ በስፒከሩ ወጣ። እንዲህ ያለ ካሴት ላይ የሚሰማው ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ነው፤ ኮምፒዩተሩ ጽሑፉን የሚያስቀምጠው በዚያ ጩኸት ነው። እኔ የሰማሁት ግን የሴቶች ልቅሶ ነው። አስለቃሿ እንዲህ ትላለች፦

*ሒሳብ አስተማሪው ሁሉን የምትቆጥር፣*
*ምነው የራስህን ቀን አጣኸው ከቁጥር።*

የአባቴ ልቅሶ ነው። ካሴቱን ገለበጥኩት፤ በዚያም ፊት ልቅሶ።

"ማነው የቀዳበት?" ብዬ ጮህኩባት። መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየን።

"እኔ ነኝ" አለች። "አረብ አገር ያለው አጎታችን መምጣት አልቻለም። እርሙን ያውጣ ብለን ለቅሶውን ቀዳንለት። የሚወስድለት ሰው ሳይሄድ ቀረ።"

"የአባባን ዕድሜ ልክ ሥራ በሙሾ ደመሰስሽው! ከዚያ ደግሞ እብድ ነበር ትይኛለሽ?" ያልተናገርኳት ክፉ ቃል የለም። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሰማችኝ። ስጨርስ፦

"ገልብጠውና ወደ ኋላ መልሰህ ከመጀመሪያው ስማው" አለች።

እየተነጫነጭኩ መለስኩት። ከልቅሶው በፊት የእህቴ የልጅነት ድምፅ አለ፦ "አይተኸዋል? ባዶ ነው?" አንድ ልጅ ቀልጠፍ ብሎ መለሰላት፦ "ሰምቼዋለሁ እታለም። ዝም ብሎ የሚጮህ ነገር ነው፣ ተበላሽቷል። ቅጂበት።"

ልጁ እኔ ነኝ። ጭራሽ አላስታውሰውም።

"ከአርባው በኋላ አንድ መምህር ካሴቱን አሳዩኝ ብሎ መጣ" አለች እህቴ። "ጩኸቱ ራሱ ፊደሉ እንደነበር ሲነግረኝ ምን እንደሠራን ያኔ ገባኝ። አንተ ገና ልጅ ነህ፣ አባባን የቀበርከው በቅርቡ ነው። አንተ አጠፋኸው ልበልህ? አባባ ደክሞ ነበር ማለት ቀለለኝ።"