ልጆቻችን የያዙልን ክፍል

ለመለያየት ከተስማማን ወር ሳይሞላን፣ ልጆቻችን ሠላሳኛ የጋብቻ ዓመታችንን እንድናከብርበት ብለው አውሮፓ ውስጥ ሆቴል ያዙልን።

ስለ ስምምነታችን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ነገሩን ያነሳው ባለቤቴ ነው። ዋሺንግተን አጠገብ፣ ሮክቪል አስቤዛ ገዝተን መኪናችን ውስጥ ተቀምጠናል። ቁልፉን ይዞ ሞተሩን ሳያስነሳ ቆየ። ከዚያ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ «ልጆቹ አድገው ወጥተዋል፤ ከእንግዲህ እኔና አንቺ ለምን እንደክማለን?» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ለዓመታት አንዳችን እስክንናገረው ስንጠባበቅ የኖርን ይመስለኛል። «እውነትህን ነው» አልኩት። ሲልቨር ስፕሪንግ ቤታችን እስክንደርስ ስለ መንገዱ መጨናነቅ ብቻ አወራን። ያን ቀን የተሰማኝ እፎይታ ነበር። ያሳዘነኝም እፎይታው ነው።

በመካከላችን ሌላ ሰው አልገባም። ባለቤቴ ክፉ ቃል ከአፉ የማይወጣው ሰው ነው። ልጆቹ ሕፃናት ሳሉ ለሰው ሰጥተናቸው ከምንሄድ ሺፍት እንከፋፈል ተባባልን። እሱ ዋሺንግተን መሀል ባለ አንድ ትልቅ ሕንፃ ውስጥ ሌሊት ሌሊት የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ማሽኖችን ይቆጣጠራል፤ እኔ ቀን ቀን ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ። እሱ ሲገባ እኔ እወጣለሁ። በር ላይ ስንተላለፍ የምንባባለው «ትንሿ ስታስል ነው ያደረችው»፣ «ምሳቸው ፍሪጅ ውስጥ አለ» ዓይነት ነገር ነበር። ለጥቂት ጊዜ ብለን የጀመርነው ኑሮ ልጆቹ ኮሌጅ እስኪገቡ ዘለቀ። በመጨረሻ እሱ ወደ ቀን ሥራ ሲዛወር ቤቱ ባዶ ሆኖ ጠበቀን። እራት ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠን የምንለው አጣን። እኔም ስልኬን አወጣለሁ፣ እሱም ስልኩን ያወጣል።

ስጦታውን የነገሩን ውድብሪጅ፣ ሴቷ ልጃችን ቤት ነው። ወንድሟም ለዚሁ ብሎ ከቴክሳስ መጥቷል። ከምሳ በኋላ ቴሌቪዥኑን ከፍተው የሆቴሉን ሥዕሎች ያሳዩን ጀመር። ሊዝበን ውስጥ በአቀበት መንገድ ላይ ያለ፣ ጥቂት ክፍሎች ብቻ ያሉት፣ ድሮ የሀብታም ቤተሰብ መኖሪያ የነበረ ቤት ነው። ልጄ «እናንተ ሀኒሙን የሚባል ነገር አታውቁም። ሁሉን ነገር ቡክ አድርገናል፤ አሁን ሂዱ» አለች። ወንድሟ እምቢ ማለት አይቻልም ብሎ በእንግሊዝኛ ተናገረና አባቱን አቀፈው። ባለቤቴ ተነስቶ ሁለቱንም ሳማቸው። እኔ አለቀስኩ። ልጆቹ ደስ ብሏት ነው ብለው እንባዬን በስልካቸው ቀረጹት።

ስንመለስ መኪና ውስጥ፣ አሁኑኑ ብንነግራቸው ይሻላል አልኩት።

«በዚህ ደስታቸው ላይ?» አለ። ትንሽ ነድቶ ደግሞ «እንሂድና እንመለስ። ከዚያ እንነግራቸዋለን» አለኝ።

ሄድን።

ሆቴሉ እንደ ሆቴል አልነበረም። ሰው የሚሰለፍበት ባንኮኒ የለውም። በሩን የከፈተችልን ጸጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች፣ በእኛ ዕድሜ የምትሆን ሴት ናት። በስማችን ጠርታ ሶፋ ላይ አስቀመጠችን፤ በትንንሽ ብርጭቆ የብርቱካን ጭማቂ ሰጠችን። ልጆቻችን ቀድመው ጽፈውላት ኖሮ ስለ በዓላችን ሁሉን ታውቃለች። ሠላሳ ዓመት በዚህ ዘመን ብርቅ ነው ብላ እጄን በሁለት እጆቿ ያዘች። እኔ ዓይኗን ማየት አቅቶኝ ጭማቂዬን ጠጣሁ።

ክፍላችን ስንገባ አልጋው ላይ የጽጌረዳ አበባ ቅጠል ተበትኗል። መስኮቱ አጠገብ ደግሞ፣ ግድግዳም መጋረጃም በሌለበት፣ ትልቅ ነጭ የገላ መታጠቢያ ገንዳ ተቀምጧል። ባለቤቴ ሻንጣዎቹን እንደያዘ ቆሞ አየው።

«ግድግዳውን ሠርተው ሳይጨርሱ ነው እንዴ ያስገቡን?» አለ።

ሁለታችንም ሳቅን። አብረን ከሳቅን ስንት ጊዜ እንደሆነን እንጃ። ሳቁ ሲያልቅ እሱ ሶፋው ላይ እተኛለሁ አለ። ሶፋው ለጌጥ የተሠራ፣ ልጅ እንኳ የማያስተኛ ነበር። አልጋው ሰፊ ነው፣ ይበቃናል አልኩት። ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ለቅሜ ጠረጴዛ ላይ አኖርኳቸው፤ መጣሉን አልፈለግሁም።

ገላዬን ስታጠብ እሱ ወደ ግቢው ይወርዳል። ግቢው ውስጥ የሎሚ ዛፍ አለ፤ ከሥሩ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። ጨርሼ ስወርድ ቦታውን ለቆልኝ ይወጣል። ሆቴሉን የምታስተዳድረው ሴትዮ ይህን ሳታይ አልቀረችም። አንድ ቀን፣ የሷ ባል በኖረበት ዘመን አንድም ጊዜ ቁጭ ብሎ ጠብቋት እንደማያውቅ ነገረችኝና ዕድለኛ ነሽ አለችኝ። አመሰግናለሁ አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?

በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ልጆቹ በቪዲዮ ይደውላሉ። አልጋው ጠርዝ ላይ ትከሻ ለትከሻ ገጥመን እንቀመጥና ከተማውን፣ ትራሙን፣ ወንዙን በመስኮት እናሳያቸዋለን። ልጄ «ማሚ፣ ዳዲን አቅፊው፣ ስክሪንሾት ላንሳችሁ» ትላለች። አቅፈዋለሁ። ሲዘጉ ክንዴን ወዲያው አላነሳም ነበር። ቶሎ ባነሳው የማስቀይመው ይመስለኝ ነበር፤ እሱም አልተንቀሳቀሰም። አንድ ቀን እንደዚያ እንደተቀመጥን «መዋሸቱ ደከመኝ» አለኝ። እኔ ደግሞ መዋሸቱ እንደ መጀመሪያው ቀን አልከበደኝም ነበር። ይህን ግን አልነገርኩትም።

ረቡዕ ዕለት ቁርስ ላይ የሆነውን አልረሳውም። ጠረጴዛዎቹ ላይ አይብ፣ ሥጋ፣ እንቁላል፣ በቅቤ የተጋገረ ዳቦ በየዓይነቱ ተደርድሯል። እኔ ጾም ስለምጾም ፍራፍሬ ብቻ ላነሳ ስል ወጥ ቤቱ በር ላይ ያለው አብሳይ በእጁ ጠቀሰኝና በሸክላ ሳህን ሽምብራ ከስፒናች ጋር፣ በዘይት የተሠራ፣ ትኩስ ትኩሱን አመጣልኝ። ባለቤቴ ከዋዜማው ወርዶ፣ ምግቤን ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ እንዳይነካው ብሎ አስረድቷቸው ኖሯል። ለኔ አልነገረኝም። እሱ ራሱ ከጾም ከራቀ ቆይቷል፤ የኔን ልብ የሚል አይመስለኝም ነበር።

«መቼ ነገርካቸው?» አልኩት።

«ትናንት፣ አንቺ ገላሽን ስትታጠቢ» አለና እንቁላሉን መቁረጥ ቀጠለ።

ያን ምግብ እንዴት እንደዋጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

በነጋታው ከተማው አናት ላይ ወዳለ መናፈሻ ወጣን። ጉልበቴ ስለሚያመኝ ዳገቱን በዝግታ ነበር የምንወጣው። ድሮ ቢሆን ቀድሞኝ ይሄዳል፤ ያን ቀን ግን እርምጃውን ከኔ ጋር አስተካከለ። ወንዙ ከሚታይበት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ከዚያ ወንዙን እያየ ጠየቀኝ።

«ጠዋት ጠዋት ከሥራ ስመለስ ቶሎ ቤት እንደማልገባ ታውቂ ነበር? ቤቱ ፊት መኪናውን አቁሜ ቁጭ እል ነበር።»

«አውቃለሁ» አልኩት። «በወጥ ቤቱ መስኮት አይህ ነበር።»

ዞሮ አየኝ። «ታዲያ ለምን አልጠራሽኝም?»

«መጀመሪያ እንቅልፍ የወሰደህ መስሎኝ ነበር። በኋላ ደግሞ መግባት ያልፈለግህ መሰለኝ።»

«አይደለም» አለ። «ገብቼ ምን እንደምልሽ አላውቅም ነበር። አንቺ ትጣደፊያለሽ፤ ፊትሽ ገና ከማለዳው ደክሞታል። እንዴት አደርሽ ማለቱ እንኳ አንቺን ሥራ ማስፈታት ይመስለኝ ነበር።»

እኔ ለዓመታት የሸሸኝ መስሎኝ ስቀየመው ኖሬአለሁ። እሱ ደግሞ ላለማስቸገር ብሎ ውጪ ተቀምጦ ኖሯል። ነፋሱ ቀዝቀዝ ሲል ጃኬቱን አውልቆ ትከሻዬ ላይ ጣለልኝ። ያን ጊዜ ቢሆን የቱንም ነገር እሺ እለው ነበር። እሱ ግን ምንም አልጠየቀኝም።

የመጨረሻው ቀን ሻንጣችንን ዘግተን ታክሲ ስንጠብቅ ግቢው ውስጥ ተቀመጥን። ሴትዮዋ አንድ ሻማ የተሰካበት ትንሽ ኬክ አምጥታ ሻማውን አብረን እንድናጠፋው አደረገች። አጠፋነው። እሷ ገባ ስትል ጠዋቱን ሙሉ ሳሰላስለው የነበረውን አወጣሁት።

«ብንተወውስ?» አልኩት።

ምኑን አላለኝም። ሹካውን ሳህኑ ላይ አኖረና እጆቹን አየ።

«እኔም አስቤዋለሁ» አለ። «ግን እዚህ ስለሆንን ነው። እዚህ ሰው አልጋችንን ያነጥፍልናል፣ ሰው ቁርሳችንን ያቀርብልናል፤ ሥራ የለብንም። ሲልቨር ስፕሪንግ ስንገባ ያው እኛው ነን። እንደገና ሞክረን እንደገና ዝም ስንባባል ማየት አልችልም።»

«እንዴት አወቅህ?» አልኩት።

«አላወቅሁም። ፈርቼ ነው።»

ታክሲው መጣ። ልለምነው እችል ነበር፤ ግን መፍራቱን የነገረኝን ሰው እንዴት ብዬ ልጫነው? በውስጤ ደግሞ እኔም ያንን እራት ጠረጴዛ እፈራው ነበር። ሴትዮዋ ሁለታችንንም ስማ ሸኘችን፤ አርባኛውንም እዚሁ አክብሩት አለችን።

አውሮፕላን ማረፊያ ልጃችን አበባ ይዛ ጠበቀችን። ጥቂት ሳምንት አሳልፈን ውድብሪጅ ሄደን ነገርናት፤ ወንድሟም በስልክ ይሰማ ነበር። እሱ ተቆጣ። ታዲያ ለምን ሄዳችሁ፣ ለምን አሾፋችሁብን ብሎ በእንግሊዝኛ ተናግሮ ስልኩን ዘጋው። እሷ አልተቆጣችም። ትንሽ ሳለች ስታለቅስ እንደምታደርገው እጆቿን እጅጌዋ ውስጥ ከተተች። ከኛ ጋር ስታወራ ቶሎ ወደ እንግሊዝኛ የምትሸሽ ልጅ፣ ያን ዕለት በአማርኛ ነበር የጠየቀችን።

«ፎቶዎቹ ላይ የምትስቁት ውሸት ነው?»

አባቷ «አይደለም፣ የኔ ልጅ። እዚያ የሳቅነው እውነት ነው» አላት።

እንዲያ ከሆነ ለምን ትለያያላችሁ አለች።

እኔ አሌክሳንድሪያ፣ ላንድማርክ አካባቢ አፓርትመንት ተከራየሁ። ዕቃዬን ያጓጓዘልኝ እሱ ነው። አልጋውን ገጠመ፣ መጋረጃውን ሰቀለ፣ የበሩን ቁልፍ ደጋግሞ ሞከረ። ሲጨርስ እጁን ታጥቦ ወጣ። ምሳ ብላ አላልኩትም፤ እሱም የሚበላ አልመሰለኝም። አፓርትመንቱ ውስጥ አበሻ ሞልቷል፤ ሊፍት ውስጥ የሚያገኙኝ ሴቶች ባለቤቴ የት እንደሆነ ይጠይቁኛል። መጀመሪያ ሰሞን ሥራ ላይ ነው እል ነበር። ባል የሞተባት ሴት ለቅሶ ይደረስላታል፤ ሰው መጥቶ አጠገቧ ይቀመጣል፣ ያጽናናታል። የኔን ግን ማን ብሎ ይጠራዋል? እኔ የማዝንለት ሰው በሕይወት አለ፤ ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ ነው ያለው፤ ደህና ነው።

በዓመቱ ልጃችን ወንድ ልጅ ወለደች። ክርስትናው ዕለት ቤተ ክርስቲያን ተገናኘን። ባለቤቴ ነጠላውን አስተካክሎ ለብሶ፣ ሕፃኑን እንደ እንቁላል በሁለት እጁ ይዞ ቆሞ ነበር። ከስቷል። ሥርዓቱ ሲያልቅ ፎቶ አንሺው አያቶቹ ጠጋ በሉ አለን፤ ተጠጋን። እዚያው እንደቆምን፣ ወደ ካሜራው እያየ፣ ወንድ ልጃችን ጋ ቴክሳስ ሊሄድ እንደሆነ ነገረኝ። ልጁ ከታረቀው ቆይቷል፤ ና አብረኸኝ ኑር ብሎታል። የሲልቨር ስፕሪንጉንም ቤት ልጆቹ ሊሸጡልን ነው።

«መቼ ነው የምትሄደው?» አልኩት።

«ከፋሲካ በኋላ።»

«ጥሩ ነው። ብርዱን አትወደውም» አልኩት።

የሄደ ቀን አልሸኘሁትም። ልጃችን አድርሳው ስትመለስ ደወለችልኝ፤ አባቷ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርሱ እናትሽን አደራ እንዳላት ነገረችኝ። ሥራ ላይ ስለነበርኩ ዕቃ ማስቀመጫው ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

አሁን በበዓል ቀን ከሁሉ ቀድሞ የሚደውልልኝ እሱ ነው። እንኳን አደረሰሽ ይለኛል። እንኳን አብሮ አደረሰን እለዋለሁ፤ ሌላ መልስ የለውም። ስለ ልጅ ልጃችን እንጫወታለን፤ ሙቀቱን ይነግረኛል፤ የጉልበቴን ነገር ይጠይቀኛል። አንዳንዴ ወሬው ሲያልቅብን ማናችንም ስልኩን አንዘጋም። እሱ በዚያ፣ እኔ በዚህ፣ ትንሽ እንቆያለን።