ገንዘቤ በር አልከፍትም ያለችበት ጠዋት

ላስ ቬጋስ ዝናብ ሲጥል ሰው ሥራውን ትቶ በመስኮት ያያል። ገንዘቤ ግን ዝናብ ብርቋ አይደለም። ዳውንታውን ካሉት አሮጌ ሆቴሎች በአንዱ ክፍል ስታጸዳ፣ አልጋ ስታነጥፍ ስንት ዘመኗ ነው፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ሉዊዚያና፣ ከባሕር ጠርዝ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ኖራለች። ከላቀች ጋር። መቼም ስለ ገንዘቤ የሚያወራ ሰው ላቀችን ሳይጠራ አይሆንለትም። ሱዳን፣ ገዳሪፍ መጠለያ ውስጥ አንድ ድንኳን ያገናኛቸው፣ አንድ አውሮፕላን አሜሪካ ያመጣቸው ሰዎች ናቸው። ከአንድ እናት አልተወለዱም እንጂ እህትማማች ናቸው።

ኋላ ገንዘቤ አገባችና ወደ በረሃው መጣች። ሐሌሉያን ወለደች፣ ባሏን ቀበረች። ላቀች እዚያው ቀረች፤ ሁለቱ ተከራይተውት የነበረውን የእንጨት ቤትም ገዛችው። እሑድ እሑድ በስልክ ካልተጨቃጨቁ ሳምንቱ ያለቀ አይመስላቸውም።

ባለፈው መስከረም ነው። ገንዘቤ ክፍል ለማጽዳት ስትገባ እንግዳው ሳያጠፋው በሄደው ቴሌቪዥን ላይ አንድ ነጭ ደመና እንደ እንዝርት ሲሾር አየች። ገና መሃል ባሕር ላይ ነበር። አንሶላውን ቀይራ ወደሚቀጥለው ክፍል ገባች፤ እዚያም አለ። ፎቁን ስታጋምስ ነፋሱ ጉልበት ጨምሯል አሉ። ፎቁን ስትጨርስ ካርታው ላይ ቀይ መስመር አስምረውበታል፤ የመስመሩ ጫፍ ያቺው ከተማ ላይ ነው። ትራስ እንደታቀፈች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የእንግዳ አልጋ ላይ መቀመጥ ክልክል ነው፤ እሷም ከዚያ በፊት ተቀምጣ አታውቅም።

ለምሳ ስትወጣ ደወለች።

"ላቀች፣ ከተማውን ልቀቁ ብለዋል እኮ።"

"ማንን?"

"አንቺን ነዋ። ቴሌቪዥን አታዪም?"

"አያለሁ። ስም ሁሉ አውጥተውለታል፣ ክርስትና ያነሱት ይመስል።"

"ቀልዱን ተዪና ውጪ። የሚወስዳችሁ አውቶቡስ አለ ይላሉ።"

"አንቺ በረሃ ላይ ቁጭ ብለሽ ስለ ውሃ ታስተምሪኛለሽ? ጣራው አዲስ ነው፣ ዘንድሮ ነው ያስመታሁት። ደግሞስ ያኔ ሸሽተን ምን አተረፍን? ወገብ ሕመም።"

"ላቀች፣ በእመቤቴ።"

"እሺ፣ እሺ። ነገ እወጣለሁ።"

የላቀችን እሺ ገንዘቤ ታውቀዋለች። ውሃ ላይ የተጻፈ ነው።

ያኔ ያለችው አገሩን በረገጡ ዓመት ሳይሞላቸው የሆነ ነገር ነው። ሁለቱም ሽሪምፕ የሚሉት የባሕር ፍጥረት መላጫ ፋብሪካ ነበር የሚሠሩት። ቀኑን ሙሉ ሲልጡ ይውላሉ፣ አንዲቱን ግን አፋቸው አያስገቧትም፤ በሃይማኖታቸው አይበላም። ቅዳሜ ማታ እጃቸውን በሎሚ ሲፈትጉ ያመሻሉ። ቤተ ክርስቲያን ያለው ትልቁ ከተማ፣ በአውቶቡስ ሩቅ ነው። ለሁለት ያላቸው ደህና ጫማ ደግሞ አንድ ነው። ስለዚህ ተረኛዋ ጫማውን ተጫምታ ታስቀድሳለች፣ ሌላዋ በረንዳው ላይ በባዶ እግሯ ትጸልያለች። የሄደችው ስትመለስ የሰማችውን ትነግራታለች። ላቀች ስትነግር ግን ከስብከቱ ይልቅ የሰዉ አለባበስ ይበዛ ነበር።

አንድ ቀን ፖሊስ በድምፅ ማጉያ እየጮኸ በመንገዱ አለፈ። ሀሪኬን የሚባል አውሎ ነፋስ ሰምተው አያውቁም። ጎረቤታቸው ሻንጣቸውን አስይዞ አውቶቡስ ላይ ጫናቸው፤ አውቶቡሱ ሩቅ ወስዶ አንድ ሰፊ የትምህርት ቤት ጂም ውስጥ አወረዳቸው። ወለሉ ሙሉ የሸራ አልጋ፣ በየአልጋው ላይ ግራጫ ብርድ ልብስ፣ በሩ ጋ የሾርባ ሰልፍ። ብርድ ልብሱ ልክ ገዳሪፍ የተሰጣቸው ዓይነት ነው፣ መልኩም ሽታውም ያው። ላቀች ሻንጣዋ ላይ ቁጭ አለችና "በቃ፣ ገዳሪፍ ሊመልሱን ነው" ብላ አለቀሰች። ገንዘቤም ተከተለቻት። ሾርባውን ከበላን እሺ ማለታችን ነው ብለው እምቢ አሉ።

በነጋታው ነፋሱ መንገዱን ቀይሮ ኖሮ ሁሉንም ወደየቤታቸው መለሷቸው። በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው ሆዳቸውን እስኪያማቸው ሳቁ። ለሰው ግን አንድ ቀን አላወሩትም፤ ያሳፍራላ። ገንዘቤ የዚያን ዘመን ድህነት ረስታዋለች። የቀራት ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ፣ የእንቁራሪቱ ጩኸትና ያ ሳቅ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ስቃለች፤ እንደዚያ ግን አልሳቀችም።

የዘንድሮው ነፋስ ግን መንገዱን አልቀየረም። ባሕሩን ከነማዕበሉ ይዞ ገባ። የላቀች ስልክ መጥራቱን አቆመ።

"እማዬ፣ ኢመርጀንሲ ላይኑን ኮል አደረግሁ" አለች ሐሌሉያ። "ስሟን፣ አድሬሷን ሁሉ ሰጠሁ። ሰው ሄዶ ቼክ ያደርጋል።"

"መቼ?"

"ዌይት አድርጉ ነው ያሉት። ብዙ ሰው ጠፍቷል፣ እማዬ።"

ቴሌቪዥኑ ላይ ጎዳናው ወንዝ ሆኗል። ነፍስ አድን ሠራተኞች በሞተር ጀልባ ከቤት ቤት ይሄዳሉ፤ የፈተሹት ቤት ላይ በቀለም ምልክት ይረጫሉ። ሄሊኮፕተር ከጣራ ላይ ሰው በገመድ ያነሳል። ወታደሮች ውሃ በካርቶን ያድላሉ። ገንዘቤ ሥራዋን በፈቃድ ትታ፣ ቴሌቪዥኑ ሥር ቆማ የላቀችን ነጭ ሻሽ ትፈልጋለች። ነጭ ነገር ባየች ቁጥር ጠጋ ትላለች፤ ላስቲክ ይሆናል። ደጋግማ ስትደውል የራሷ ስልክ ባትሪው አልቆ መዘጋቱን እንኳ ልብ አላለችም።

እንዲህ ሆና ሰነበተች። አንድ ጠዋት፣ ገና ሊነጋጋ ሲል፣ ሲልቬራዶ ራንች የሚባለው ሰፈር ያለው ቤቷ ደጅ መኪና ቆመ። መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ አየች። የሆቴላቸው ጥበቃ ወልደሥላሴና እዚያው የሆቴሉ ካዚኖ ውስጥ የምትሠራው ጽጌወይን ናቸው። ሁለቱም ጥቁር በጥቁር ለብሰዋል። በሩ ጋ ደርሰው ተያዩ፣ ትንሽ ቆሙ፣ አንኳኩ።

መጋረጃውን መልሳ ዘጋች። መርዶ በስልክ አይነገርም። መርዶ የሚመጣው ጎህ ሲቀድ፣ ሁለት ሦስት ሆኖ፣ ጥቁር ለብሶ ነው። እሷ ራሷ እዚሁ ከተማ ስንት ቤት እንዲህ ሄዳ አርድታለች።

"እማዬ፣ ጋሽ ወልደሥላሴ መጣ" አለች ሐሌሉያ ከመኝታዋ ተነስታ። "ለምን አንከፍትም?"

"አትክፈቺ።"

"ዋይ ኖት?"

"እኔ ካልሰማሁ አልሆነም።"

ልጅቷ ግራ ገብቷት እጇን ከመዝጊያው አነሳች።

"ገንዘቤ፣ እኔ ነኝ" አለ ወልደሥላሴ ከውጭ። "ደህና ነው፣ ክፈቺ።"

ይሄ ባሰባት። የሚያረዳ ሰው መጀመሪያ ደህና ነው ነው የሚለው። እሷም ደህና ነው ብላ ስንቱን አስከፍታ አስለቅሳለች።

"እትዬ ገንዘቤ፣ ላቀች ተገኝተዋል" አለች ጽጌወይን።

ሬሳም ይገኛል። ገንዘቤ ጀርባዋን በሩ ላይ አስደግፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

"ሴትዮ፣ በሕይወት አለች እኮ ነው የምንልሽ" አለ ወልደሥላሴ። "ራሷ ደወለች። ስልኳን ውሃ በልቶት ቁጥርሽን አላወቀችውም፤ የሆቴሉን ስም ግን አልረሳችም። እዚያ ሐበሻ ስጡኝ ስትላቸው ወደ እኔ አስተላለፏት። ያንቺ ስልክ ዝግ ነው። የሌሊት ሥራችን ሲያልቅ መጣን።"

"ማልልኝ" አለች ገንዘቤ ከወለሉ።

"ምን ብዬ ልማል? ይልቅ አንድ ነገር ንገርልኝ ብላኛለች። እኔ አልገባኝም። 'ጂም ውስጥ ነኝ፣ ብርድ ልብሱ ያው ነው፣ ገዳሪፍ ግን እስካሁን አልመለሱኝም። ሾርባውንም ዘንድሮ በልቼዋለሁ በላት' ነው ያለችው።"

 ከበሩ ጀርባ ሳቅ ተሰማ። ሐሌሉያ እናቷ እንደዚያ ስትስቅ አይታ አታውቅም፤ ፈራች። ገንዘቤ ፊቷ በእንባ እንደራሰ ከፈተች።

"ሰው በዚህ ሰዓት፣ በጥቁር ልብስ፣ ሰው ደጅ ይቆማል?"

"ልብሱን የሰጠኝ ካዚኖው ነው" አለ ወልደሥላሴ። "ሰዓቱንም የሰጠኝ እሱው ነው። ግቡ አይባልም እንዴ?"

ገብተው ሳይቀመጡ ላቀች በደወለችበት የመጠለያው ቁጥር ተደወለ። ብዙ ጠብቀው ላቀች ስልኩ ላይ መጣች። ጎረቤቷ ቤት ፎቅ ላይ ወጥታ፣ በጀልባ ነው ያነሷት።

"ቤቱስ?" አለች ገንዘቤ።

"ቤቱ ሄደ። ጣራው ግን አለ፣ መንገድ ላይ ተቀምጧል። አዲስ ነው ብዬሽ አልነበር?"

ገንዘቤ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዞረች። በረንዳውን እያሰበች ይሆናል።

"ሐሌሉያ ቲኬት ትቁረጥልሽና ነይ" አለች ገንዘቤ በመጨረሻ።

"በባዶ እግሬ ነው ያለሁት እኮ። አንቺ ዘንድ ደህና ጫማ አለ?"

ገንዘቤ በሩ ጥግ የተቀመጠውን የሥራ ጫማዋን አየች።

"አለ" አለች። "በተራ ነው ታዲያ።"