ያላለቁ ሬዲዮኖች

ዛሬ ጠዋት መበየጃዬ ጨርቅ ላይ ወድቆ አቃጠለው። ሽታው በ2010 ክረምት ወደ ነበረው የአባቴ ሱቅ መለሰኝ። ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር።

አባባ ጅግጅጋ ገበያ አጠገብ አሮጌ ሬዲዮ ይጠግን ነበር። ከሀርሺን የሚመጡ የከብት ነጋዴዎች ዕቃቸውን ትተው ለወራት ስለማይመለሱ መደርደሪያችን ሁልጊዜ ጢም ያለ ነበር።

ያን ቀን የአንዱን ሬዲዮ ሆድ ከፍቶ፣ "ከሶኬት ቢነቀልም ኮንደንሰሩ ውስጡ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል። ዝም አለ ብለሽ እንዳትነኪው" እያለ ሲያስተምረኝ የሬዲዮው ባለቤት ደረሱ። እንደ አጎት የምናያቸው፣ በሶማሊኛ "አዴር" የምንላቸው ሽማግሌ ናቸው።

"ሬዲዮኔን ስጠኝ።"

"አዴር፣ አላለቀም እኮ!"

"ግድ የለም፣ እንዳለ ስጠኝ።"

የተፈታታውን በፎጣቸው ጠቅልለው ወጡ። ሌሎቹም ተከታትለው መጡ። ስለ ጥገናው የጠየቀ፣ አባባን ዓይኑን ያየ አንድም ሰው የለም። እስከ ምሳ ድረስ መደርደሪያው ባዶ ሆነ። እኔ ሥራ ቀለለልን ብዬ ደስ አለኝ።

"ሰው ያላለቀ ዕቃውን የሚወስደው ሱቁ ነገ እንደማይኖር ሲያውቅ ነው" አለ አባባ።

"ሱቁ የት ይሄዳል?"

አባባ የጋለውን መበየጃ ነቅሎ፣ ሳይበርድ በጨርቅ ጠቀለለው። ጨርቁ እየጨሰ ሳለ እጄን ይዞ ከሱቁ አወጣኝ።

በማግስቱ ከተማው ውስጥ ሁከት ተነሥቶ ሱቆች ተዘርፈው ተቃጠሉ፤ ከእኛ ሱቅ የቀረው የቆርቆሮ በሩ ብቻ ነበር።

አሁን እዚያው ቦታ የምሠራው እኔ ነኝ። የተቃጠለውን ጨርቅ ጥዬ ቀና ስል አንዲት ደንበኛዬ በሩ ላይ ቆማለች። አሮጌ ቴፗን ያመጣችው ገና ትናንት ነው።

"አላለቀም" አልኳት።

"ግድ የለም" አለች መንገዱን እያየች፣ "እንዳለ ስጪኝ።"