አቤት የምንለው ሰው

ልጄን በስሟ ከጠራኋት ሁለት ሳምንት ሆኖኝ ነበር። አንድ ቤት እየኖርን፣ እራት ሲደርስ እንኳ ቴክስት ነበር የማደርግላት። እሷም ብትሆን ኩርፊያ ታውቅበታለች፤ አልጠራችኝም።

ነገሩ የተጀመረው ክሊንተንቪል ባለው ቤታችን፣ ከታች ሆኜ ስጠራት ከፎቅ በእንግሊዝኛ «ወት?» ያለችኝ ቀን ነው። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እዚሁ በሰው አገር ነው የተወለደችው። «ወት» ስትለኝም የመጀመሪያዋ አልነበረም። ያን ቀን ግን ከሥራ ደክሞኝ ገብቼ ነበርና ደሜ ፈላ። «አባት ሲጠራ አቤት ነው የሚባለው!» ብዬ ጮህኩባት። በሯን ዘጋች። እኔም ኮራሁ፤ በልቤ ግን ከፍቶኝ ነበር።

የምሠራበት መጋዘን ውስጥ አብሮኝ ዕቃ የሚያሽግ ኔፓልኛ ተናጋሪ ጎልማሳ አለ። «ሃጁር» የምትል ቃል ከአፉ አትጠፋም። አለቃ ሲጠራው «ሃጁር»፤ የፎርክሊፍቱ ጩኸት ሲያደነቁረው «ሃጁር?»፤ እኔን በአክብሮት ሲያናግረኝም ያው ሃጁር። መጀመሪያ ስቄበት ነበር። በኋላ የኛው አቤት ትዝ አለኝ። ስንጠራ አቤት፣ ሳንሰማ አቤት፣ ደስ የሚል ነገር ስናይ አቤት ሲያምር፣ ስንበደል ደግሞ ዳኛ ፊት ቆመን አቤት።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ስልኩ ጮኸ። ገና «ሃጁር» ሲል ሳንድዊቹን አስቀምጦ ብድግ አለ። አባቱ ነበሩ። ሲጨርስ፣ ልጆቹም እንዲህ ይሉት እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ይላሉ» አለኝ።

«እንዴት አስተማርካቸው?»

«ምንም አላስተማርኩም። አባቴ እኛው ጋ ናቸው። ሲጠሩኝ ምን እንደምል ልጆቹ ይሰማሉ።»

እኛ ቤት ከኔና ከባለቤቴ በላይ ሰው የለም። ባለቤቴ ስትጠራኝ «ወዬ» ነው የምለው። ልጄ ስትጠራኝ ደግሞ፣ ሳስበው አፈርኩ፣ «ምን ፈለግሽ?» ነው። ታዲያ ይቺ ልጅ አቤትን ከማን አፍ ትስማው? እኔንም ቢሆን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም፤ እናቴ ለአያቴ አቤት ስትል ነው የሰማሁት።

በማግስቱ ሳሎን ተቀምጬ ሳለሁ ከፎቅ «ዳድ!» የሚል ድምፅ መጣ። ቻርጀሯ ጠፍቷት ኖሯል።

«አቤት!» አልኳት።



«ዳድ?» አለች እንደገና፣ ቀስ ብላ።

«አቤት የኔ እናት!»

«ናቲንግ። ጀስት ቼኪንግ።»

ሳቋ ተሰማኝ። ከዚያ በኋላ እንዲያው ለምንም ሁለት ጊዜ ጠራችኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ አቤት አልኩ። አሁን ተራው የኔ ነበር። ስሟን ለመጥራት ግን ፈራሁ። ደግማ «ወት?» ብትለኝስ? ጉሮሮዬን ጠረግሁና ጠራኋት።

«ወት?» አለች። ወዲያው ደግሞ «አቤት፣ አቤት፣ አቤት!» እያለች ደረጃውን እየዘለለች ወረደች።

ለምን እንደጠራኋት ጠፋኝ።