ጥፋቱ የዋንዛው አልነበረም

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴም፣ ለንስሐ አባቴም። ንስሐ አባቴ ፊት ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን፣ አንዴም የጎረቤት ዶሮ በድንጋይ መግደሌን ዘክዝኬ እጨርስና እዚህ ላይ ስደርስ ሳል ይይዘኛል። ዲላ ውስጥ ወሬ በማጋነን አንደኛው እኔ ነኝ፤ ሁለተኛው ገና አልተወለደም። ስለዚህ ይህንንም "ሙሌ ደግሞ ጀመረው" ትሉ ይሆናል። ዛሬ ግን ደክሞኛል። ማጋነንም ጉልበት ይጠይቃል።

ጊዜው ሞባይል ስልክ ገና በአንገት ተንጠልጥሎ ለሰው የሚታይበት ዘመን ነው። እኔ ሬዲዮና ቴሌቪዥን እጠግናለሁ። ጋሽ በራሶ ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው መኪና ሲነዱ ኖረው አንድ አሮጌ ሚኒባስ ገዙና ወንበሮቹን ነቅለው አልጋ፣ ቁም ሳጥንና ቡታ ጋዝ አስገቡበት። ከተማው ሳቀ። "በራሶ ቤቱን ጎማ አጫማው" ተባለ። ያልኩት እኔ ነኝ።

ምክንያታቸው ግን አያስቅም ነበር። ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች አስም አለባቸው። ሲብስባቸው በኤሌክትሪክ የሚሠራ የመተንፈሻ ማሽን ያስፈልጋቸዋል። ይርጋጨፌ አጠገብ ኮንጋ ያለው የቡና ማሳቸው ደግሞ ኤሌክትሪክ የለውም። ስለዚህ ቡና በተለቀመ ቁጥር ጋሽ በራሶ ይሄዳሉ፤ እትዬ ዘነበች ተወልደው ያደጉበትን ቀዬ እያሰቡ ዲላ ይቀራሉ።

"ሙሌ፣ እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው" አሉኝ ጋሽ በራሶ። "ማሽኑ ሲፈለግ ይነሣ። ሌላው ትርፍ ነው።"

እኔ ትርፉን ሠራሁ። ጡሩምባውን እንደ አውራ ዶሮ እንዲጮህ አደረግሁት። ጣሪያውን እንደ ሠርግ ቤት ብልጭ ድርግም በሚሉ አምፖሎች ሞላሁት። ሶላሩን አናቱ ላይ ካሰርን በኋላ "ከእንግዲህ ፀሐይ ራሷ ይርጋጨፌ ላይ ቢመሽባት ከእርስዎ ትበደራለች" አልኳቸው። ባትሪው ግን ከጭነት መኪና የወረደ፣ የደከመ ነበር። አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር።

የባትሪውን አቅም የምታሳይ ሦስት መብራት ያላት ቦርድ በእጄ በይጄ ሠርቻለሁ። አረንጓዴ ከሆነች ሞልቷል፤ ቢጫ ከሆነች ተጋምሷል፤ ቀይ ከሆነች በማሽኑ አትተማመኑ ማለት ነው። በርክክቡ ቀን ሰፈሩ ተሰበሰበ። እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አጣፍተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ማብሪያውን ስጫን ቀይዋ በራች።

"ኢንጂነሩ፣ ቤቱ ሳይነሣ ቆመ እንዴ?" አለ አንድ ባለጋሪ። ሰው አውካካ።

እኔ በሰው መሳቅ እንጂ ሰው ሲስቅብኝ አልለመድኩም። "ሽቦ ተላቆ ነው" ብዬ ጎንበስ አልኩ። ቀይዋን መብራት ነቅዬ ኪሴ ከተትኩ፤ አረንጓዴዋን ግን በቦርዱ በኩል ሳላሳልፍ በቀጥታ ከባትሪው ጋር አሰርኳት። ይኸው ነው ያደረግሁት። ከዚያ ወዲያ ባትሪው ሊሞት ቢያጣጥርም እሷ አረንጓዴ ናት። ቀና ስል ሰው አጨበጨበልኝ። ነገ አስተካክላታለሁ ብዬ ነበር። ነገ ሌላ ቀልድ መጣ።

"ይቺ ከበራች ማሽኑ ይነሣል ማለት ነው?" አሉኝ እትዬ ዘነበች።

"እትዬ፣ ይቺ ከበራች ፍስሐ ገነት ከተማ ድረስ መብራት ያድላሉ።"

ሄዱ። ሚኒባሷን ማሳው መሐል ካለው ትልቅ ዋንዛ ሥር አቆሟት፤ የጋሽ በራሶ አባት የተከሉት ዛፍ ነው። አንድ ጭጋጋም ማለዳ እትዬ ዘነበች ትንፋሽ አጠራቸው። ማሽኑን ቢጫኑት ዝም። መብራቷን ቢያዩ አረንጓዴ። ሽቦ ሲነካኩ፣ ማሽኑን ሲመቱ፣ መብራቷን አምነው ሲጠብቁ ጊዜ ሄደ። ሚኒባሷን የሌሊቱ ዝናብ ጭቃ ውስጥ ስላስቀራት በመጨረሻ ሰው ተጠርቶ በቃሬዛ ወደ አስፋልቱ ወጡ። ሐኪም ዘንድ ሲደርሱ ከንፈራቸው ጠቁሮ ነበር። ተረፉ። መትረፋቸው ግን የእኔ ሥራ አይደለም።

ጋሽ በራሶ የኮንጋ ጭቃ ከጫማቸው ሳይደርቅ ሱቄ መጡ። ሊደበድቡኝ የመጡ መስሎኝ ነበር። ባንኮኒው ላይ ሁለት እጃቸውን አኑረው "ሙሌ፣ ምን አጥፍቼ ነው?" አሉኝ።

ምን አጥፍቼ ነው አሉ። እሳቸው። እውነቱ ምላሴ ላይ ነበር። ምን ያዘኝ? ማን ከለከለኝ?

"የት ነው ያቆሟት?" አልኩ።

"ዋንዛው ሥር።"

"ታዲያ ጋሼ፣ ሶላሩ ጥላ የሚወድ ቡና መሰለዎት?" ብዬ ሳቅሁ። እኔ፣ ሳቅሁ።

እርግጥ ጥላ ሶላርን ያደክማል። ዓመታት የተደበቅሁት እዚህች እውነት ውስጥ ነው። ግን ቀይ መብራት ቢያዩ ኖሮ ሚኒባሷን ወደ ፀሐይ አያወጧትም ነበር? ባለቤታቸውንስ በጊዜ ወደ ዲላ አይመልሱም ነበር?

እትዬ ዘነበች ኮንጋን ዳግም አልረገጡም። እንግዳ በመጣ ቁጥር "የኔ ባል ለጥላ ሸጠኝ" ይላሉ። ቀልድ ነበር፤ ጋሽ በራሶ ግን አንገታቸውን ይደፋሉ። እኔም ከሳቂዎቹ ጋር ተቀምጬ አውቃለሁ። እትዬ ዘነበች ከዓመታት በኋላ እንዲሁ እንዳሉ አረፉ።

ዋንዛውን ጋሽ በራሶ የቆረጡት ግን ማሽኑ እንቢ ባለበት በዚያው ዓመት ነው። የጌዴኦ ሰው የቡና ጥላ የሆነውን ዛፍ፣ ያውም የአባቱን፣ እንዲህ በዋዛ አይቆርጥም። ጎረቤቶቻቸው "በራሶ አባቱን ጣለ" አሏቸው። ጥላ የለመደው ቡና ፀሐይ ሲመታው ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ረገፈ። እሳቸው ግንዱን አስሰነጠቁና ከሁሉ የሚያምረውን ጣውላ በጋሪ ጭነው አመጡልኝ።

"እውነቱን የነገርከኝ አንተ ነህ" አሉኝ። "ጠረጴዛ አሠርተህ ሥራህን ሥራበት።"

አሠራሁት። ይህንንም የምጽፈው እሱ ላይ ነው። ጋሽ በራሶ ዛሬም በምርኩዝ በሱቄ ደጅ ሲያልፉ ጎራ ይሉና ጠረጴዛውን በመዳፋቸው ዳበስ አድርገው "ጥሩ እንጨት ነው" ይላሉ። እኔም "ጥሩ እንጨት ነው ጋሼ" እላለሁ።

አንባቢዬ፣ አንተ ይቅር አትበለኝ። ከእሳቸው ቀድመህ ይቅር የማለት መብት የለህም። እሳቸው እንደሆኑ ይቅር ይሉኛል፤ አውቃቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ዋንዛውን በከንቱ መቁረጣቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ዝም ያልኩት ለእሳቸው አዝኜ ነው ልበል? ውሸት ነው። ፈርቼ ነው። የተሳቀብኝ ቀን ፈራሁ፤ እስከ ዛሬም እንደፈራሁ ነኝ።

ቀይዋ መብራት እዚህ ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ አለች። ትናንት አውጥቼ ከባትሪ ጋር አገናኘኋት። ትበራለች።