የማተቤ ቋጠሮ

ደብረ ማርቆስ ለሕክምና ካርድ ሳወጣ መዝጋቢዋ «ሃይማኖት?» አለችኝ። የካርዱን ገንዘብ መቁጠር ስጀምር አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አየችና «ኦርቶዶክስ» ብላ ጻፈች።

ማተቡን መጀመሪያ ያሰሩልኝ አያቴ ናቸው፤ የቅኔ መምህር ነበሩ። አሥረኛ ክፍል ሳለሁ፣ አንድ ከሰዓት አሮጌ መጽሐፋቸውን ቆዳ ሲያለብሱ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ቤቱ እርጥብ ቆዳ ይሸታል።

«አባባ፣ ኤቲዝም ምንድን ነው?»

«ከጽርእ የመጣ ነው፣ ከግሪኮች ቋንቋ። ያለ አምላክ መሆን ማለት ነው» አሉ ቀና ሳይሉ። «ድሮ ሮማውያን፣ ለጣዖት አንሰግድም ያሉ ክርስቲያኖችን በዚሁ ስም ይሰድቧቸው ነበር። አንቺስ በማን ላይ ልትለጥፊው ነው? ተይው ልጄ፤ ሰውን ብቻውን የሚያስቀር ስም ነው።»

የጠየቅኩት ስለ ራሴ ነበር።

«ለትምህርት ቤት ነው» አልኳቸው።

መርፌያቸውን አስቀምጠው ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ «እስቲ ዙሪ» አሉና የላላውን ማተቤን ፈትተው፣ ቆዳ ቆዳ በሚሸት ጣታቸው እንደገና አጥብቀው ቋጠሩልኝ። ገብቷቸው ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ካረፉ ቆዩ። ማተቡ በተበጠሰ ቁጥር አዲስ ክር የምገዛው እኔው ነኝ። ከአንገቴ ኋላ ብቻዬን መቋጠሩን ግን እስካሁን አልለመድኩትም።